ቴሲስ ላይ በየዓመቱ የማርማቸው ስህተቶች (ቀኑንስ ጻፋችሁ፣ በማን አቆጣጠር?)

የዘንድሮ ረቂቆች መምጣት ጀምረዋል፣ እኔም ያንኑ የአምናውን ነገር ማረም ጀምሬያለሁ። ጥቁር አንበሳም ይሁን ጳውሎስ ወይ ሌላ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ካርድ አገላብጣችሁ ሪሰርች ለምትሰሩ ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ለምትማሩ ሐኪሞች) ነው ይሄ። ስታቲስቲክሱን አድቫይዘራችሁ ያሳያችኋል።

መጀመሪያ ቀን። ኧረ ቀን! አንዱ ሐኪም በኛ ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ፣ የላብራቶሪ ማሽኑ ሁሌም በፈረንጅ ነው የሚያትመው፣ ዳታ ሰብሳቢው ደግሞ ያየውን ሁሉ እንዳለ አንድ ኮለም ውስጥ ይከተዋል። በሽተኛው 12/3/2014 ገባ፣ ሲቢሲው (የደም ምርመራው) 21/11/2021 ይላል፣ ያው ኅዳር 12 እኮ ነው፣ ሶፍትዌሩ ግን ሰውየው 7 ዓመት ሙሉ ተኝቶ ውጤት ሲጠብቅ ነበር ይላችኋል። ይሄኛው እንኳን ያስቃል፣ ስለሚያስቅም ይታያል። የሚያበሽቀኝ የማይታየው ነው። ኤክሴላችሁ በአሜሪካ አጻጻፍ ከሆነ 12/3/2014ን ዲሴምበር 3 ያደርገዋል፣ 20/3/2014ን ግን 20ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ኮለሙን አንዴ ዝም ብላችሁ እዩት፦ ቀን አድርጎ የወሰደው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ያደረገው ወደ ግራ። ግራና ቀኝ ከተደባለቀ አበቃ፣ ወደ ካርዱ ተመለሱ። ጳጉሜንማ አታንሱት፣ 5/13/2013 ሜይ 13 ሆና ቁጭ ትላለች። ቀን ለብቻ፣ ወር ለብቻ፣ ዓመት ለብቻ አስገቡ፣ አራተኛ ኮለም ላይ "ኢ" ወይ "ፈ" በሉ፣ መቀየሩን መጨረሻ ላይ በአንዴ ትሰሩታላችሁ።

ሰዓቱም ያው ነው። አንዷ ጎበዝ ልጅ የስትሮክ በሽተኞች ድንገተኛ ከደረሱ በኋላ ሲቲ እስኪነሱ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላ ሠራች፣ ጠዋት የመጣው ሁሉ ከ6 ሰዓት በላይ ጠብቋል ሆነ ውጤቱ። ዲስከሽኗ ላይ የሲቲ ክፍሉን ልክ ልኩን ነግራዋለች። ትሪያጅ (ድንገተኛ መግቢያው) ላይ ነርሷ የጻፈችው 3፡00 በኛ ነው፣ ፊልሙ ላይ ያለው 09:25 ነው። ሰዎቹ በ25 ደቂቃ ነው ያነሱላት!

የናሙና ብዛት፦ 423። ይቺን ቁጥር ሳያት ገና ፕሮፖዛሉን ማን ከማን እንደቀዳ ይገባኛል። የሚፈለገው ነገር 50 በመቶው ላይ አለ ብሎ መገመት፣ 5 በመቶ ማርጂን (ወደ ላይም ወደ ታችም የሚፈቀድ ስህተት)፣ 384 ሰው፣ ላዩ ላይ ለሚጎድለው 10 በመቶ። 3 በመቶ ገደማ የሚያጋጥም ነገር እየፈለጋችሁ ማርጂናችሁ 5 ከሆነ ግን ከ3 ላይ 5 ቀንሱና የምታገኙትን ንገሩኝ።

"ካርዳቸው ያልተገኘ ከጥናቱ ወጥተዋል" የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፣ ሁሉም ይጽፋታል፣ ማንም አይጨነቅባትም። ማን ነው ካርዱ የማይገኘው? ብዙ ቦታ የሞተ ሰው ካርድ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው፣ የተካሰሰበት ካርድ ደግሞ አንዱ ቢሮ ተቆልፎበታል። በሌላ አነጋገር የሞት መጠን ልትቆጥሩ ሄዳችሁ የሞቱትን ትታችሁ መጣችሁ። ከካርድ ክፍል ሠራተኞች ጋር ቡና ጠጡ፣ የትኛው ካርድ የት እንደሚሄድ ከነሱ በላይ የሚያውቅ ፕሮፌሰር የለም። የጠፋውንም ከዋርድ መዝገብ ላይ ዕድሜና ጾታውን፣ ሞቶ ይሁን ድኖ እዩና አወዳድሩት።

ዕድሜ ላይ 30፣ 35፣ 40 ቢበዛባችሁ አትደነቁ፣ በግምት ነው የተነገረው።

ርዕስ ላይ "በኢትዮጵያ" አትበሉ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ነበር፣ እዚያ ወረፋ የያዘውን ሰው ቆጥሮ የሀገሪቱ ካንሰር ይሄን ይመስላል ማለት አይቻልም። የመጣው የከፋበት ነው፣ ወይ የመኪና መሳፈሪያ ያለው።

ኦክስጅን የተሰጣቸው የበለጠ ሞቱ ብላችሁ "ሪስክ ፋክተር" (ለሞት የሚያጋልጥ ነገር) ውስጥ እንዳትከቱት፣ ኦክስጅን የሚሰጠው ቀድሞውንም ለጠናበት ነው። በእናታችሁ።

ፈቃድ መጠየቅ ላይ ደግሞ ጋዋን ለብሳችሁ አልጋቸው ጫፍ ቆማችሁ ሁለት ገጽ በአንድ ትንፋሽ አንብባችሁ "ፈቃደኛ ነዎት እማማ?" ስትሏቸው "እናንተ ካላችሁ ምን አውቃለሁ ልጄ" ይላሉ። ይሄ ፈቃድ አይደለም። እምቢ ቢሉ ሕክምናቸው እንደማይቋረጥ ከሁሉ በፊት ንገሯቸው፣ ከተቻለም የሚጠይቃቸው የሚያክማቸው ሐኪም አይሁን። ኦሮምኛ ብቻ የሚሰሙ እናትን አማርኛ ቅጽ ላይ በጣት ማስፈረም ደግሞ ነውር ነው።

የአይአርቢ (የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ) የፈቃድ ደብዳቤ ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ አይወጣም፣ "እርስዎ ቢያነጋግሩልኝ" እያላችሁ እኔ ቢሮ አትምጡ።