ተቀምጦም ይጨፈራል፦ አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በነባር ሕዝቦች ውዝዋዜ ለማሳተፍ

የነባር ሕዝቦችን ባህላዊ ውዝዋዜ ለልጆች የምታስተምሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ዊልቸር ላይ ያለች ልጅ ትመጣለች። ብዙ ሰው ያኔ የሚያደርገው ይታወቃል፤ ጥግ ያስይዛትና "አንቺ አጨብጭቢ" ይላታል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ እዚያው ባህሉ ውስጥ አለ። ሁላ የሚባለው የሃዋይ ውዝዋዜ ተቀምጦ የሚጨፈር ዓይነት አለው፤ ሁላ ኖሆ ይባላል። ሳሳ የሚባለው የሳሞአ ውዝዋዜ በአብዛኛው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በእጅ እንቅስቃሴና በጭብጨባ በቡድን የሚሠራ ነው። ማኡሉኡሉ የሚባለው የቶንጋ ውዝዋዜም ተቀምጦ ነው። እነዚህን ማንም "ለአካል ጉዳተኛ" ብሎ አልፈጠራቸውም። እናንተም በምታስተምሩት ባህል ውስጥ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ፈልጉና ልጆቹ በሙሉ አብረው ይማሩት። ቆመው የሚጨፍሩት ሲመጣ ደግሞ የወንበሩ መዞር የእሷ እርምጃ ነው፤ ምቱን በጎማ ትይዘዋለች፣ ትከሻና እጅ ቀሪውን ይሠራል።

ግን ብቻችሁን አትወስኑ። ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት የማኅበረሰቡን ሽማግሌዎችና የባህሉን አዋቂዎች አማክሩ፤ አንዳንዱ ጭፈራ የሥርዓት ስለሆነ አይነካም፣ የትኛው እንደሚነካና እንደማይነካ የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስትጠይቁ "ትችላለች ወይ?" አትበሉ። "በየት በኩል ትግባ?" በሉ።

ከዚያ ልጁን ራሱን ጠይቁት። ወላጅም ይጠየቅ፣ ግን በልጁ ጭንቅላት ላይ አታውሩ። ምን ያደክመዋል? ምን ድምፅ ይረብሸዋል? መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓት አለ?

መስማት የተሳናቸውን ልጆች ከበሮው አጠገብ አቁሟቸው፤ የመቺው እጅ በደንብ ይታያቸው። የእንጨት ወለል ካለ ጫማቸውን ያውልቁ፣ ምቱ በእግራቸው ይገባል። የተነፋ ፊኛ በሁለት እጅ ይዞ መቆምም ንዝረቱን ያሳያል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለ ከአስተማሪው ጎን እንጂ ከኋላ አይቁም።

ለዓይነ ስውር ልጅ "እንዲህ አድርግ" ማለት ምንም አይነግረውም። "ቀኝ እግርህን ግማሽ እርምጃ ወደፊት፣ ጉልበትህን በትንሹ እጠፍ" በሉት። ከፈቀደ ደግሞ እጁን ትከሻችሁ ላይ አድርጎ እንቅስቃሴውን ይከተል። የሰው ልብስ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ፓውዋው በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጭፈራ ዝግጅት ላይ ይህ ጥብቅ ነገር ስለሆነ ልጁ ልብሱን በእጁ እንዲያውቀው ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱለት።

ልብሱ ራሱ ብዙ ያስቸግራል። ረጃጅም ዘርፍ ጎማ ውስጥ ይጠመጠማል። ጂንግል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የጭፈራ ልብስ ላይ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ የብረት ሾጣጣዎች ድምፅ ኦቲዝም ላለበት ልጅ በጣም ሊከብደው ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ከማልበስ ከሩቅ እያሰማችሁ ቀስ በቀስ አስለምዱት፣ አቅራቢያውም ጸጥ ያለ ማረፊያ ይኑር። የቀኑን ቅደም ተከተል በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉለት።

የጂንግል ልብስን ካነሳን አይቀር፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ኦጂብዌዎች የሚያወሩት ታሪክ አለ። በ1918 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ዘመን፣ ለታመመች ልጅ ብለው ልብሱን ሠሩ፤ ልጅቷም በመጀመሪያ በሰው እየተደገፈች ነው የጭፈራውን ክብ የዞረችው ይባላል። በጣም የሚያምር ታሪክ ነው፣ ንገሯቸው። ነገር ግን ለልጅ "ከጨፈርክ ትድናለህ" የሚል ተስፋ አትስጡ። የመጣው ሊጨፍር ነው።

ሜዳውንም እዩ። ለስላሳ ሣርና አሸዋ ጎማ ይይዛል፤ ጠንካራ መተላለፊያ ወይም ምንጣፍ ዘርጉ። የሥርዓት ጭስ ካለ አስም ያለበት ልጅ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይቁም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ የካሜራ ፍላሽ ይጥፋ።

"በጀት የለም" የሚላችሁ ኃላፊ ካለ፣ የ2006ቱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 በባህል ሕይወት መሳተፍን መብት እንደሚያደርገው ንገሩት። የ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫም አንቀጽ 22 ላይ ለሕፃናትና ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ትኩረት ይሰጥ ይላል።

የትዕይንቱ ቀን ልጅቷን ዳር አታቁሟት። ሲያልቅ "ጎበዝ" ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደተቸገረች ጠይቋትና ለሚቀጥለው ሳምንት ያንን አስተካክሉ።