የጥንታዊት ግብፅን ውድቀት ስናነሳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙዎቻችን የጥንታዊት ግብፅ ውድቀት ሲነሳ ክሊዮፓትራን ጠቅሰን ነገሩን እንዘጋዋለን። ዋናው ታሪክ ግን ከእሷ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የተጀመረ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ውድቀቱን በእሷ ሞት መወሰን ነው። ክሊዮፓትራ በ30 ቅ.ል.ክ. ስትሞት ግብፅ በሮም እጅ መውደቋ እውነት ነው። ሆኖም እሷ ከታላቁ እስክንድር ጄኔራሎች አንዱ የመሠረተው የመቄዶናውያን ሥርወ መንግሥት ልጅ ነበረች። የመጨረሻው የአገሬው ተወላጅ ፈርዖን፣ ዳግማዊ ነክታኔቦ፣ ዙፋኑን በፋርሶች የተነጠቀው ከዚያ 300 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

ሁለተኛውና የባሰው፣ ጥፋቱን ሁሉ በውጭ ወራሪ ማላከክ ነው። ፈርዖን ሳልሳዊ ራምሴስ ከክሊዮፓትራ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ «የባሕር ሕዝቦች» የሚባሉትን ወራሪዎች በነገሠ በ8ኛው ዓመት መክቶ መልሷቸዋል፤ ድሉንም በመዲነት ሀቡ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ አስቀርጿል። መንግሥቱ የተሰነጠቀው ከውስጥ ነው። በ29ኛው የንግሥና ዓመቱ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት የዴር ኤል መዲና ሠራተኞች በእህል የሚከፈላቸው ደመወዝ ዘገየባቸው። ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ ከቤተ መቅደሶቹ ጀርባ ሄደው ተቀመጡ። ወደዚህ ያመጣን ረሃብና ጥማት ነው፣ ልብስ የለን፣ ቅባት የለን፣ ዓሣ የለን፣ አትክልት የለን፣ ለፈርዖን ጻፉልን አሉ። አቤቱታቸው ዛሬ በቱሪን ሙዚየም ባለ ፓፒረስ ላይ ይነበባል። በጽሑፍ ከተመዘገቡ የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ለአማልክቱ ቤት ሰፊ መሬት የሚሰጥ መንግሥት የሠራተኛውን ቀለብ ማድረስ ሲያቅተው፣ ለእኔ ከየትኛውም የጦር ሜዳ ሽንፈት የከፋ ነው። በ9ኛው ራምሴስ ዘመን የነገሥታት መቃብር ሲዘረፍ፣ ለፍርድ ከቀረቡት መካከል ድንጋይ ጠራቢዎችና የቤተ መቅደስ አገልጋዮች ነበሩ። በ11ኛው ራምሴስ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ደቡቡ አሞን በተባለው አምላክ ሊቀ ካህናት እጅ ገብቶ ነበር።

ሁሉንም በአባይ ውኃ ማነስ የሚያሳብቡም አሉ። ከእኛ ደጋ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ሲቀንስ ግብፅ መራቧ አይካድም። ሆኖም በ2200 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ማዕከላዊ መንግሥቷ ከፈረሰ በኋላ እንኳ እንደገና ተጠናክራ ተነስታለች።

ኋላ ግብፅን የገዙትን የኩሽ ነገሥታት እንደ አፍራሽ ማየትም ትክክል አይደለም። መዲናቸው ናፓታ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን ነበረች። ሻባካ ብል የበላውን ጥንታዊ ጽሑፍ በድንጋይ አስቀርጾ አቆይቷል፤ ታሃርቃም በካርናክ ቤተ መቅደስ ታላላቅ ዓምዶችን አቁሟል። የደቡቡን ታላቅ ከተማ ቴብስን የዘረፉት አሦራውያን ናቸው።

በመጨረሻም፣ ዙፋኑ ሲወድቅ ሥልጣኔውም አብሮ ሞተ ማለት ስህተት ነው። የመጨረሻው የሚታወቀው የሂሮግሊፍ (የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ፊደል) ጽሑፍ በፊላ ደሴት የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ394 ነው፤ ክሊዮፓትራ ከሞተች ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ። ቋንቋው ደግሞ በኮፕቲክ መልክ እስከ ዛሬ በግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይቀደስበታል።