ያለ መኪና በጀርመን ጥቁር ደን፦ ጸጥታ ፈልጎ በእግር ለመጓዝ

ጀርመኖች ሽቫርትስቫልት የሚሉት ጥቁር ደን ሲነሳ፣ ብዙ ጎብኚ የሚሮጠው ወደ ቲቲዜ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ያምራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ዳርቻው የገበያ ቀን ይመስላል። ጸጥታ ካማራችሁ እንዲህ አድርጉ።

1. ማደሪያ ከመያዛችሁ በፊት ስለ ኮኑስ ጠይቁ። ኮኑስ ብዙዎቹ የደኑ መንደሮች ለሚያድር እንግዳ የሚሰጡት ካርድ ነው። የእንግዳ ቀረጥ ስትከፍሉ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ እስክትሄዱ ድረስ በአካባቢው አውቶቡስና ባቡር በነፃ ትሳፈራላችሁ (ፈጣኑ አይሲኢ አይጨምርም)። ከፍራይቡርግ በባቡር የሚደረስባት ሂንተርፃርተን ጥሩ ማረፊያ ናት። ዋናው ጥቅሙ ገንዘቡ አይመስለኝም፦ መኪና ያለው ሰው ዞሮ ዞሮ ወዳቆመበት መመለስ አለበት፤ እናንተ ግን በአንድ ጫፍ ወርዳችሁ በሌላው ጫፍ ትሳፈራላችሁ።

2. መንገድ ምረጡ። የእኔ ምርጫ የቩታኽ ሸለቆ ነው። ከሻተንሙለ እስከ ቩታኽሙለ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንዙ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ይሰወርና ወረድ ብሎ እንደገና ብቅ ይላል። በጉብኝት ወቅት ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ አውቶቡስ አለ፤ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ሳታዩ አትነሱ። በሥራ ቀን ማለዳ ሂዱ። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ዐውሎ ነፋስ ካለ ደግሞ ዛፍ ስለሚወድቅ ጭራሽ አትግቡ።

3. ምልክቱን ተከተሉ። ዛፍና ምሰሶ ላይ ያለው ቢጫ አልማዝ ቅርጽ የአካባቢ መንገድ ነው፤ ሰማያዊው ረዘም ያለ ነው። ቀዩ ከፕፎርትስሃይም እስከ ባዝል 285 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ቬስትቬግ ነው፤ ከ1900 ጀምሮ ይታወቃል። ሰሌዳው ርቀቱን በኪሎ ሜትር ስለሚነግራችሁ ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉ፦ ለ4 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ300 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት። ትልቁን ወስዳችሁ የትንሹን ግማሽ ጨምሩበት። 12 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ዳገት ጋር 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ዕረፍት ሳይቆጠር።

4. ስንቅ ቅዳሜ ግዙ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ ካርድ የማይቀበል የደን ምግብ ቤት ያጋጥማል።

5. መዥገርን አትናቁ። አካባቢው በመዥገር የሚተላለፍ የአንጎል ብግነት ያለበት ነው፤ ክትባቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚወሰድ ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ማታ ብብትና ከጉልበት ኋላ ፈትሹ። ጉዳት ከደረሰባችሁ 112 ደውሉ።