በቢሮ ስልክ ማዕከል ላይ ማስፋፊያ ካርድና ተጨማሪ ዕቃ ሲገጠም የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በድሬዳዋ ቢሮዎች፣ ሆቴሎችና መጋዘኖች ግድግዳ ላይ የሚታየው ፒኤቢኤክስ (የቢሮ ስልክ ማዕከል) አብዛኛውን ጊዜ ሲገዛ ትንሽ ነበር፤ ሠራተኛ ሲጨመርና ክፍል ሲበዛ ነው በካርድ እየሰፋ የሚሄደው። እኔ ደጋግሜ የሠራሁበት ፓናሶኒክ ቲኢኤስ 824 ለምሳሌ እንደተገዛ 3 የውጭ መስመርና 8 ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ) ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የማስፋፊያ ካርዶቹ ሲሟሉለት 8 የውጭ መስመርና 24 ኤክስቴንሽን ይደርሳል።

ካርድ ከተጨመረ በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ ግን የሁሉም ጣት የሚቀሰረው በአዲሱ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ተነቅሎ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፣ ቢሮው ቀናት ያለ ስልክ ይሰነብታል፣ በመጨረሻም ካርዱ «ምንም አልሆነም» ተብሎ ይመለሳል። ካየኋቸው ብልሽቶች የሚበዙት በሽቦው፣ በግራውንዱ (ከመሬት ጋር በሚያገናኘው ሽቦ)፣ በመብራቱ ወይም በፕሮግራሙ ላይ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ስልኩን፣ ሽቦውን ወይም ካርዱን አንድ በአንድ ብናዛውር ችግሩ የተዛወረውን ዕቃ ተከትሎ ይሄዳል ወይስ እዚያው ይቀራል? በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የሚቀይር ሰው ችግሩ ቢፈታለት እንኳ በየትኛው እንደተፈታ ስለማያውቅ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ካርድ የሚገባው ማዕከሉ ጠፍቶና ሶኬቱ ተነቅሎ ነው። ባትሪ የተገጠመለት ከሆነ የባትሪውም ገመድ መነቀል አለበት፤ አለበለዚያ ዋናው መብራት ቢነቀልም ቦርዱ በባትሪው ኃይል እንደበራ ይቆያል። የከተማችን አየር ደረቅ በመሆኑ ከፕላስቲክ ወንበር ሲነሱ ወይም ምንጣፍ ላይ ሲራመዱ በሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሳይታወቅ ካርድ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ካርዱን ከከረጢቱ ከማውጣት በፊት ግራውንድ የተደረገ ባዶ ብረት መንካትና ካርዱንም በጠርዙ ብቻ መያዝ ያስፈልጋል። የውጭ መስመር ሽቦ ስልኩ ሳይነሳ 48 ቮልት አካባቢ ቢሆንም ሲደወልበት እስከ 90 ቮልት ሊደርስ ይችላልና መሰላል ላይ ቆሞ የተላጠ ሽቦ በእጅ መንካት አይገባም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ሥራው ይቁም።

በተለይ ያረጀ ማዕከል ከመጥፋቱ በፊት ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ወይም በወረቀት መመዝገብ አለበት። መብራት በሌለበት ጊዜ ፕሮግራሙን የሚጠብቀው በቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ስለሆነች፣ እርሷ ደክማ ከሆነ ማዕከሉ ለካርድ ሲባል ለ10 ደቂቃ ሲጠፋ የዓመታት ፕሮግራም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። «ካርዱን እንዲያውቀው» በሚል ሁሉንም የሚያጠፋውን ማብሪያ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ማዕከሉ አይበራም፣ ወይም በርቶ ደጋግሞ ይጠፋል

መጀመሪያ አዲሱ ካርድ ይውጣና ማዕከሉ ብቻውን ይብራ። ካርዱ ሲወጣ የሚበራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ካርዱ በአንድ ጎኑ ብቻ መግባቱ ነው። ከጎን ጎንበስ ብለው ሲያዩት የማያያዣው አንደኛው ጫፍ ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱን ጫፎች በሁለት አውራ ጣት እኩል መጫንና ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃል። በብዙ ካርዶች ላይ ብሎኑ ካርዱን ከመያዝ አልፎ ከግራውንድ ጋርም ስለሚያገናኘው «ለጊዜው» ተብሎ መተው የለበትም።

ማዕከሉ በርቶ ብዙ ስልኮች አብረው ሲጠሩ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጉዳዩ የኃይል ነው። ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ጭነት ባለበት ሰዓት በመልቲሜትር ይለካ፤ ከ220 በጣም ወርዶ ከተገኘ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ማዕከሉ ከማቀዝቀዣና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰካም ከዚያ ይለይ።

አዲሶቹ ኤክስቴንሽኖች ድምፅ የላቸውም

ተራ የጠረጴዛ ስልክ በአጭር ገመድ በቀጥታ ካርዱ ላይ ይሰካ። እዚያ ድምፅ ካለ ካርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ከካርዱ እስከ ጠረጴዛው ባለው ሽቦ ላይ ነው። በካርዱም ላይ ድምፅ ከሌለ በሚሠራው የድሮ ጃክ (መሰኪያ) ላይ ያው ስልክ ይሞከር፤ እዚያ ከሠራ ወደ ካርዱና ወደ ፕሮግራሙ እንመለሳለን።

የሽቦው ችግር በብዛት የሚገኘው ክሮኑ (ሽቦዎቹ ተመትተው የሚገናኙበት ሰሌዳ) ላይ ነው። ጥንዶቹ የሚቆጠሩት በነጭ-ሰማያዊ፣ ነጭ-ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ነጭ-ግራጫ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ አንዱ ጥንድ ከተዘለለ ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ በአንድ ቤት ይንሸራተታሉ። ያን ጊዜ የሒሳብ ክፍሉ ስልክ በግዢ ክፍል ይጮኻል፣ የመጨረሻው ኤክስቴንሽን ደግሞ ጭራሽ ድምፅ አይኖረውም። ክሮን በራሱ መምቻ እንጂ በካቻቢቴ ወይም በቢላዋ አይመታም፤ ካቻቢቴ የክሮኑን ምላጭ ያሰፋዋልና ሽቦው ዛሬ ቢይዝ ከጥቂት ወር በኋላ ይላላል።

ሌላው ስህተት የቁጥር ነው። በብዙ ማዕከላት የኤክስቴንሽኑን ቁጥር የሚወስነው ካርዱ የገባበት ቦታ ነው። በቲኢኤስ 824 ፕሮግራሙ ካልተለወጠ ቁጥሮቹ ከ101 እስከ 124 ይሄዳሉ፤ ስለዚህ 109ን ሲደውሉ መልስ ማጣት የካርዱን መሞት አያሳይም፣ ስልኩ 117 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ባለስክሪኑ ስልክ አይሠራም፣ ወይም ስክሪኑ ባዶ ነው

ይህ ብዙ ገንዘብ ያለ ምክንያት ሲያስወጣ ስላየሁ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። ስክሪንና ብዙ ቁልፍ ያለው የሲስተሙ ስልክ በእንዲህ ዓይነቱ አናሎግ ማዕከል ላይ የሚፈልገው 4 ሽቦ ነው፤ መካከለኞቹ 2 ሽቦዎች ድምፁን፣ በእነርሱ ግራና ቀኝ ያሉት 2 ሽቦዎች ደግሞ የቁልፎቹንና የስክሪኑን መረጃ ይሸከማሉ። በከዚራ የቆዩ ሕንፃዎች ውስጥ በግድግዳ የተሳበው ሽቦ ግን በአብዛኛው ለተራ ስልክ የተዘረጋ ባለ 2 ነው። ባለቤቱ ለሥራ አስኪያጁ ጥሩ ስልክ ይገዛል፣ ይሰካዋል፣ ስክሪኑ አይበራም፤ ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፣ ያም ያው ነው። ስልኩ ግን ማዕከሉ አጠገብ በ4 ሽቦ ገመድ ቢሰካ በርቶ ይታያል። መፍትሄው ሁለተኛ ጥንድ መሳብ ወይም በዚያው ኬብል ውስጥ ሥራ ያልያዘ ጥንድ ፈልጎ በሁለቱም ጫፍ በትክክለኛው ቦታ ማሰር ነው። የስልኩን አጭር ገመድ ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሮ በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ የሚታዩትን የመዳብ ጥርሶች መቁጠርም መልካም ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ገመድ ብዙ ጊዜ 2 ጥርስ ብቻ አለው።

ሽቦው 4 ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ካልበራ ስልኩ የተሰካበት ካርድ ይታይ። ለቲኢኤስ 824 ከሚገጠሙት ካርዶች አንዱ 8 ተራ ስልክ ብቻ የሚቀበል ነው፤ በእርሱ ላይ የሲስተም ስልክ በምንም ዓይነት ፕሮግራም ስክሪን አያበራም። ባለስክሪኑን ስልክ ሁለቱንም ዓይነት ወደሚቀበል ጃክ ማዛወር፣ ተራውን በምትኩ ወደዚህ ማምጣት ብቻ ነው። ካርድ ሲገዛ «8 መስመር» ብሎ ማዘዝ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተራ ነው ወይስ ሁለቱንም ይቀበላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኦፕሬተሯ ተጨማሪ የቁልፍ ሰሌዳም ከዚሁ ጋር ይታያል። ሰሌዳው የራሱ ጃክ ይፈልጋል፤ ከስልኩ ጋር በአንድ ጃክ ላይ አይጋራም። በየትኛው ጃክ እንደተሰካና ከየትኛው ስልክ ጋር እንደሚጣመር በፕሮግራም ካልተነገረው መብራቶቹ አይሠሩም።

መስመሩ እዝዝ ይላል ወይም ይንኮሻኮሻል

ሁለቱ ድምፆች የተለያየ ምንጭ አላቸው። ሳይቋረጥ እዝዝ የሚለው ከ220 ቮልት መስመር የተጋባ ሲሆን፣ የሚንኮሻኮሸው የላላ፣ የዛገ ወይም አቧራ የገባበት መገጣጠሚያ ነው። በመጀመሪያ የውጭ መስመሩ ከማዕከሉ ተነቅሎ በተራ ስልክ ለብቻው ይደመጥ። ድምፁ እዚያም ካለ መስመሩ ወደ ቢሮው ከመግባቱ በፊት የታመመ ነውና ወደ ኢትዮ ቴሌኮም (994) ተደውሎ ይነገር።

ለእዝዝታው የስልኩ ኬብል ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ መሄድ አለመሄዱ ይፈተሽ። ጎን ለጎን መሄድ ካለባቸው ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ይራራቁ፤ መገናኘታቸው ግድ ከሆነም መስቀለኛ ሆነው ይለፉ። ቀጥሎ ግራውንዱ ይታያል፤ በድሬዳዋ ትልቁ ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። በደቻቱ ወንዝ ዳርና በሜዳው ያለው አሸዋማ መሬት በበጋ ስለሚደርቅ፣ ሜትር እንኳ ያልሞላ ብረት ቀብሮ «ግራውንድ አለው» ማለት ዋጋ የለውም። ዘንጉ እርጥበት ያለው አፈር እስኪያገኝ ጠልቆ መግባት አለበት፤ ዙሪያውን ከሰል መሙላትና በደረቅ ወራት ውሃ ማጠጣትም ይጠቅማል። ጨው የሚጨምሩም አሉ፤ ነገር ግን ጨው ዘንጉንና ማሰሪያውን ስለሚበላ በየጊዜው ተከፍቶ መታየት ይኖርበታል። ጥሩ ግራውንድ እዝዝታውን ከመቀነሱም በላይ ክረምት ላይ መብረቅ በመስመሩ ሲመጣ የአሬስተሩን (የመብረቅ መከላከያውን) ሥራ የሚያስፈጽመው እርሱ ነው፤ ግራውንድ የሌለው አሬስተር ለጌጥ የተሰቀለ ያህል ነው።

መገላ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቅመማ ቅመም መጋዘን 3 አዳዲስ ኤክስቴንሽኖች በተገጠሙ በ2 ወራቸው መንኮሻኮሽ ጀምረው ነበር። የግድግዳውን ጃክ ስከፍተው ከወርቅማዎቹ ሽቦዎች ሥር ቀይ ደቃቅ የበርበሬ ብናኝ ተጋግሮ አገኘሁት። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠርጌ በአልኮል ካጸዳሁት በኋላ ድምፁ ወዲያው ጠራ፤ ጃኮቹንም ከወለሉ ከፍ አድርገን አፋቸው ወደ ታች እንዲሆን አዞርናቸው።

የውጭ መስመር አይለቅም፣ የደዋይ ቁጥር አይታይም

የውጭው ሰው ስልኩን ዘግቶ መስመሩ ተይዞ የሚቀረው ማዕከሉ የመዝጊያውን ምልክት ባለማወቁ ነው። መስመሩ በመዳብ ሽቦ ይምጣ ወይስ ከፋይበር ሞደም ላይ ይውጣ ተለይቶ፣ የመልቀቂያ ምልክቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ከመስመሩ ጋር ይስተካከል። ከፋይበር ሞደም የሚወጣ መስመር መብራት ሲጠፋ ከሞደሙ ጋር እንደሚጠፋም መታወስ አለበት፤ ማዕከሉን በባትሪ አስጠብቆ ሞደሙን መርሳት ብዙ ቢሮ ውስጥ ያለ ስህተት ነው። የደዋይ ቁጥር በበኩሉ በአንዳንድ ማዕከላት የራሱን ተጨማሪ ካርድ ይፈልጋል፤ በአንዳንድ መስመር ላይም ቁጥሩ የሚመጣው በስልኩ የመጀመሪያና ሁለተኛ ጩኸት መካከል ስለሆነ፣ ፈጥና የምታነሳ ኦፕሬተር ላታየው ትችላለች።

የበሩ ስልክ ይጠራል፣ በሩ ግን አይከፈትም

የበር ካርዱ ለቁልፉ ኃይል አይሰጥም፤ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ይዘጋል እንጂ። ቁልፉ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ የራሱ 12 ቮልት አዳፕተር ሊኖረው ይገባል።

ከቀትር በኋላ ብቻ የሚመጣ ችግር

በከዚራ አንድ ቢሮ አዲስ ካርድ ከተጨመረ ጀምሮ ማዕከሉ በየቀኑ ይጠፋ ነበር። ኦፕሬተሯ «ወንድሜ፣ ጠዋት ምንም አይለውም፤ ከምሳ ስንመለስ ግን ሞቶ እናገኘዋለን» አለችኝ። ካርዱን አውጥቼ የሌላ ቢሮ ካርድ አስገባሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንደተለመደው ጠፋ። ችግሩ ካርዱን አልተከተለም፣ ከክፍሉ ጋር ቀርቷል ማለት ነው። ማዕከሉ የተሰቀለው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ላይ ነበር። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ማራገቢያው ይጠፋል፣ በሩ ይቆለፋል። ቴርሞሜትር ሰቅለን ስንመለስ 44 ዲግሪ አሳየን፤ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ማዕከላት የሚፈቀደው ግን እስከ 40 ነው። የተጨመረው ካርድ የራሱን ሙቀት ስላከለበት ድሮ በጭንቅ ይችለው የነበረውን አልቻለም። ማዕከሉን ወደ ኮሪደሩ የምሥራቅ ግድግዳ፣ ሰው በቁመቱ ወደሚደርስበት ከፍታ አወረድነው፤ ከላይና ከታች ያሉት የአየር ቀዳዳዎች እንዳይታፈኑ በዙሪያው ባዶ ቦታ ተውን፤ ሽፋኑንም ከፍተን አቧራውን በብሩሽ ጠረግን። የመጀመሪያውን ካርድ መልሰን አስገባነው፤ አሁንም እዚያው ይሠራል።