የአንድን ቃል ዝምድና ለማጣራት፦ ከ«ሰረቀ» እስከ «ሃይማኖት»

አንድ ቃል በአማርኛ፣ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ሲገኝ «ከዐረብኛ የመጣ ነው» ለማለት አይቸኩሉ። መጀመሪያ የግእዙን ፊደል ያጣሩ። አማርኛ እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ፣ አልፋውን አ ከዐይኑ ዐ በንባብ አይለይም፤ ስለዚህ በጆሮ ብቻ የተጀመረ ፍለጋ ገና ከመነሻው ይስታል።

«ሰረቀ»ን እንውሰድ። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሌባ ሥራ ነው፤ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ደግሞ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። ዐረብኛም ሁለቱን ይለያል፦ «ሰረቀ» ሲል ሌብነት፣ «ሸረቀ» ሲል የፀሐይ መውጣት። «ምሥራቅ»ም ከሁለተኛው ይወለዳል፤ «ምስራቅ» ብሎ የጻፈ ሰው ዘሩን ከሌባው ጋር ቀላቀለው።

ከዚህ የሚገኘው ደንብ የግእዝ ሠ በዐረብኛ ሸ ይሆናል የሚል ነው። «ዐሥር»ን በዐረብኛው «ዐሽር» ይፈትኑት፤ ይሠራል። በዕብራይስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ሠ ሰ ሆና ትቀራለች፣ ሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሸ ትሆናለች፤ «ሰላም»ና «ሻሎም» ለዚህ ምስክር ናቸው። የቃል መነሻ ወ ደግሞ በዕብራይስጥ የ ይሆናል፦ ወለደ «ያላድ»፣ ወረደ «ያራድ»። አንድ ጥንድ ብቻ ይዞ ደንብ ማውጣት አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ይፈልጉ፣ አንዱ በአጋጣሚ ሊመሳሰል ይችላልና።

ቀጥሎ ቅጥያዎቹን ገፈው ሥሩን ያውጡ። እምነት፣ ታማኝ፣ ማመን፦ የሚቀረው አ-መ-ነ ነው። ዐረብኛም ዕብራይስጥም ይህን ሥር አላቸው፤ «አመነ» የወል ቅርስ ነው። «ሃይማኖት»ስ? ሥሩ ያው ነው፣ ቅርጹ ግን የግእዝ አይደለም። ግእዝ አድራጊ ግስ ሲሠራ አ ያስቀድማል (ገብአ «ገባ»፣ አግብአ «አስገባ»)፤ ሃ ማስቀደም አራማይክ የተባለው የጥንት ሴማዊ ቋንቋ ጠባይ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከአራማይክ የገባ ውሰት ነው። «አሜን» ደግሞ ከዕብራይስጥ ተነሥቶ በግሪክኛ መጻሕፍት በኩል መጣ። አንድ ሥር በሦስት መንገድ ቤታችን ገብቷል ማለት ነው፤ «ዘመድ ነው ወይስ ውሰት?» የሚለው ጥያቄ ለሥሩ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቃል ለየብቻ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ለማመሳከር በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ይረዳል። ተራው ግን አ በ ገ ደ ነው፤ ሀ አምስተኛ ላይ ትመጣለች። በሀ ለ ሐ መ ልማድ የገለጠው «የለም» ብሎ ይዘጋዋል።