ከቱርሚ እስከ ማጎ፦ በኦሞ ወንዝ አካባቢ መኪና ሲያስቸግር ምክንያቱና መፍትሄው

ከደቡብ ኦሞዋ ከተማ ከቱርሚ ተነስቶ፣ የኦሞን ወንዝ ጥምዝ ከአፋፍ ላይ ወደምታሳየው የካራዎች መንደር ቆርቾ የሚወስደው የአፈር መንገድ እጅግ ውብ ነው። በአካባቢው ግን አሸዋ፣ ዋልካና ውሃ ተራ በተራ ይገጥማሉ፤ ለአንዱ የሚሠራው ዘዴ ሌላው ላይ ያከስራል። የሞተር ዝርዝሩ በብዛት ለሚታየው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው።

ምልክት፦ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ይሰምጣል

መጀመሪያ ነዳጁን ልቀቁ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጎማውን ወደ ታች ይቆፍረዋል። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን መሃል እዩ፦ መቆለፊያው «ሎክ» ላይ ካልዞረ፣ ፎር ዊሉን ብታስገቡም የፊት ጎማ አይጎትትም። ብዙ ሰው አካፋ ካነሳ በኋላ ነው ይህን የሚያስታውሰው።

እሱ ደህና ከሆነ ምክንያቱ የጎማው ንፋስ ነው። ለአስፋልት 40 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ አሸዋውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። አራቱንም ወደ 20 አውርዱ፤ ጎማው መሬት የሚነካበት ርዝመት ይጨምራል። ካላማዳሪ ያለው ከሆነ ከ18 በታች አትሂዱ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የካላማዳሪውን ቫልቭ ይነቅለዋል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ፣ እንዲሁም ዲፈረንሻሉ (በጎማዎቹ መካከል ከሥር ያለው ክብ የጥርስ ቤት) የተኛበትን አሸዋ ጥረጉ። ከባዱን ማርሽ አስገቡና መጀመሪያ በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ሞክሩ፤ አሸዋው እዚያ ተጠቅጥቋል። ፍሪሲዮን ከሸተተ ቆማችሁ አብርዱ። ክሪክ የምታስገቡ ከሆነ ከሥሩ 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ይኑር። ጠንካራ መሬት ላይ እንደወጣችሁ መልሳችሁ ንፉ፤ በዝቅተኛ ንፋስ በፍጥነት የተነዳ ጎማ ግሎ ይፈነዳል።

መኪናው ካልወጣም ወንዙ ውስጥ አትደሩ። ዝናቡ ደጋ ላይ ይጥልና ጎርፉ በጠራ ሰማይ ይደርሳል።

ምልክት፦ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል

ይህ የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ዋልካ ነው። እርጥብ ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ንፋስ መቀነስ ብዙም አያድንም። ሰንሰለት ከሌላችሁ መፍትሄው ቆሞ ፀሐይ እስኪያደርቀው መጠበቅ ነው። ከጎማው በላይ ባለው የጭቃ መከላከያ ሥር የተጠቀጠቀውን ጭቃ በእንጨት አውጡ፤ ሲደርቅ ጎማውን ይይዘዋል። ጥልቅ የከባድ መኪና ዱካ ውስጥ አትግቡ፣ ዲፈረንሻሉ ያርፋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ስለሆነ ያን መንገድ ባትሞክሩት ይሻላል።

ምልክት፦ ውሃ መሃል ሞተሩ ጠፋ

ቁልፉን ደግማችሁ አትጠምዝዙ! ውሃ በአየር መሳቢያው ገብቶ ከሆነ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲገፋው ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል፣ ሞተሩም ያኔ አበቃለት። አስጎትታችሁ አውጡና የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። ከረጠበ፦ ሞተሩን የሚያሞቁትን 6ቱን ካንዴላዎች ፍቱ፤ ፓምፑ ላይ ያለውን የናፍጣ መቁረጫ ሽቦ ንቀሉ፤ ከቀዳዳዎቹ አካባቢ ሰው አርቁና ውሃው እስኪያልቅ በሞተሪኖ ለ5 ሰከንድ፣ ለ5 ሰከንድ አዙሩ። የዘይት መለኪያው የወተት ሻይ መልክ ካሳየ ዘይቱ ሳይቀየር አታስነሱ።

ወንዙን ከመግባታችሁ በፊት በእግር ለኩ፤ ከጉልበት በላይ ከሆነ ተመለሱ። ይህ ለትንንሾቹ ጅረቶች ነው። ኦሞ ውስጥ አዞ ስላለ እግራችሁን አታስገቡ፣ እረኞቹን ጠይቁ።

ምልክት፦ ከተሻገሩ በኋላ ፍሬን አይዝም

የፍሬኑ ሸራ ረጥቧል። ቀስ እያላችሁ ፍሬኑን በስሱ ረግጣችሁ ጥቂት መቶ ሜትር ንዱ። ዲፈረንሻሉን ግን አትርሱት፦ ግሎ ውሃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ይስባል። ሌሊቱን ካደረ በኋላ የታችኛውን ቡሎን በጥቂቱ አላሉ፤ ከዘይት በፊት ውሃ ከወጣ ወይም ዘይቱ ከነጣ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት።

ምልክት፦ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ይንተፋተፋል

ከጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ብዙ ጊዜ ውሃ አለው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ፤ ዘግታችሁ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ግፉ።