ከተጣለ ሬዲዮ የ7 ሜጋኸርትዝ መቀበያ መሥራት

የአማተር ሬዲዮ (በፍላጎት፣ ለትርፍ ሳይሆን በሬዲዮ መገናኘት) ጀማሪ ውድ መሣሪያ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚገኝ የተበላሸ የኤኤም/ኤፍኤም ሬዲዮ፣ ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርትዝ ያሉትን አማተሮች የሚያሰማ ሪጀኔሬቲቭ መቀበያ፣ ማለትም የተጎላውን ሲግናል መልሶ ወደ ራሱ እያስገባ ደካማ ጣቢያን የሚያጎላ መቀበያ፣ መሥራት ይቻላል።

ከሬዲዮው የጣቢያ መፈለጊያውን ካፓሲተር (የኤኤምና የኤፍኤም ክፍል ያለው ተዟዟሪ ዕቃ)፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውንና በኤፍኤም በኩል ያለውን ትራንዚስተር ፈትተው ያውጡ። ከቻርጀር ወይም ከኃይል ቆጣቢ አምፖል ዕቃ የሚያወጡ ከሆነ፣ ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ እስከ 310 ቮልት ሊይዝ ስለሚችል፣ በሬዚስተር አራግፈው በመልቲሜትር ሳያረጋግጡ አይንኩት።

ለኮይሉ (ጣቢያ ለሚመርጠው የሽቦ ጥምጥም) ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የተገኘ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ በ20 ሚሊሜትር የኤሌክትሪክ መስመር ቱቦ ላይ 15 ዙር አጠጋግተው ይጠምጥሙ፤ ከመሬት (ከሰርኪዩቱ የጋራ መስመር) በኩል 4ኛው ዙር ላይ ለትራንዚስተሩ ቤዝ (ሲግናል ለሚገባበት እግር) ቅርንጫፍ ያውጡ። የሽቦው ቫርኒሽ ካልተፋቀ ብየዳው አይዝም። ከኮይሉ ጋር የሚያያዘው የመፈለጊያው ካፓሲተር የኤፍኤም ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ጎኑ ላይ ጫፉ ጥቁር የተቀባ 68 ፒኮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ይጨመርበታል። በኤኤሙ ክፍል ቢሠራ ባንዱ (ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርትዝ ያለው ክልል) በሙሉ ጥቂት የመዞሪያ ርቀት ውስጥ ተጨናንቆ ጣቢያ መለየት ያስቸግራል።

በኮይሉ የመሬት ጫፍ አጠገብ፣ ከትራንዚስተሩ ኮሌክተር (ሲግናሉ ጎልቶ ከሚወጣበት እግር) የሚመጣ ሌላ 4 ዙር ይጠመጠማል። ይህ ጥምጥም የተጎላውን ሲግናል ወደ ኮይሉ የሚመልስ ስለሆነ የመቀበያው ልብ ነው። መጠኑን የሚቆጣጠሩት በድምፅ መቆጣጠሪያው ለትራንዚስተሩ የሚደርሰውን ቮልቴጅ በማስተካከል ነው። ቀስ ብለው ሲጨምሩ የሹክሹክታው ድምፅ በድንገት ከፍ ይላል፤ የሞርስ (የነጥብና የሰረዝ ኮድ) ድምፅና የኤስኤስቢ (አማተሮች ለንግግር የሚጠቀሙበት የአላላክ ዘዴ) ንግግር ከዚያ ነጥብ ጥቂት አለፍ ሲል፣ ኤኤም ደግሞ ከነጥቡ ዝቅ ሲል ይሰማል። ድምፁ ጨርሶ ካልተለወጠ የጥምጥሙን ሁለት ጫፎች ያቀያይሩ። የሚወጣውን ድምፅ የአሮጌ ኮምፒውተር ስፒከር ያጎላዋል።

አንቴናው 10 ሜትር ያህል ሽቦ ሲሆን፣ ከኮይሉ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በ1 ዙር ብቻ ይጠጋ፤ በቀጥታ ከተያያዘ ኮይሉን ከመጫኑም በላይ መቀበያው ራሱ ሞገድ እየለቀቀ ጎረቤት አድማጮችን ይረብሻል። ለማስተላለፍ ግን ፈቃድና የጥሪ ምልክት ግዴታ ነው።

እጅ ሲጠጋ ጣቢያው የሚንሸራተት ከሆነ፣ ከመዞሪያው ኋላ ቆርቆሮ አድርገው ከመሬቱ ጋር ያያይዙት። ባንዱ ከርቀት የሚያሰማው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ ሙከራውን ማታ ያድርጉት።